የልጄን ስኳር የሚያሸት ውሻ ሳሠለጥን የሠራኋቸው ስህተቶች

ይህን የምጽፈው ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ልጅ ለምታሳድጉ ወላጆች ነው። በተለይ «ስኳር ሲወርድ በጠረን የሚያውቅ ውሻ አለ» ሲባል ሰምታችሁ ልባችሁ ለተንጠለጠለ። እኔም እንደናንተ ነበርኩ። ዛሬ ቤታችን ውስጥ ቡላ የሚባል የ4 ዓመት ላብራዶር አለ። የልጄ ስኳር ሲወርድ መጥቶ ይነግረኛል። ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን ብዙ ጊዜ። እዚህ ለመድረስ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጅቶብናል። ከዚያ ውስጥ አምስቱ ወር በእኔ ስህተት የባከነ ነው። ገንዘብም ባክኗል። እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ሁሉንም በግልጽ እነግራችኋለሁ።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የልጄ በሽታ የታወቀው በ2019፣ በ6 ዓመቷ ነው። ውሃ አልጠግብ አለች። ሌሊት ደጋግማ ትነሳለች። ሱሪዋ ወገቧ ላይ አልቆም አለ። እኛ እያደገች ነው ብለን ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ ስኳሯ ማሽኑ ማንበብ ከሚችለው በላይ ሆኖ ተገኘ። ከአራት ቀን በኋላ ኢንሱሊንና መርፌ ይዘን ወጣን።

ነርሷ ደጋግማ ያስጠነቀቀችን ስለ ወረደ ስኳር ነበር። ከ70 በታች ከሆነ ወዲያው 15 ግራም ፈጣን ስኳር ስጡ፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ እንደገና ለኩ። ቀን ቀን ልጅ ይታወቅበታል። ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይነጫነጫል። ሌሊት ግን ላይነቃ ይችላል። እኔና ባለቤቴ በተራ ሰዓት እየሞላን ያቺን ትንሽ ጣት ስንወጋ ከረምን። በኋላ ሴንሰር ተገኘልን፤ ቆዳዋ ላይ ተለጥፎ ስኳሯን እየለካ ቁጥሩን ወደ ስልካችን የሚልክ ትንሽ መሣሪያ ነው። ትልቅ እፎይታ ነበር። ያም ሆኖ ሴንሰሩ የሚለካው ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ እንጂ ደሙን አይደለም። ስኳሯ ቶሎ ሲወርድ ጥቂት ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል። ተኝታበት ከሆነ ደግሞ ያልወረደውን ወረደ ይላል።

የውሻው ሐሳብ የመጣው ከኤርፖርት ነው። በ2020 ጥር ላይ ገናን አዲስ አበባ ውዬ እናቴን ይዤ ተመለስኩ። ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ሻንጣ ስንጠብቅ ቢግል የሚባል ዝርያ የሆነች አንዲት ትንሽ ውሻ በመንገደኛው እግር መካከል እየተሽሎከለከች መጣች። የእናቴን ሻንጣ አለፈችው። ተመለሰች። አንዱ ጥግ ላይ አፍንጫዋን አስጠግታ ሁለት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ሳበች። ከዚያ ዝም ብላ ቁጭ አለች። አልጮኸችም፣ አልቧጠጠችም። እናቴ ቋንጣውን በሦስት ፌስታል ጠቅልላ በርበሬ መሃል ነበር ያስቀመጠችው። ሥጋ ማስገባት ክልክል መሆኑን አስቀድሜ አልነገርኳትም። መኮንኑ ቋንጣውን ወሰደ፣ ለውሻዋ ከኪሱ የሆነች ነገር አጎረሳት፣ ሄዱ።

እነዚህ ቢግሎች ከ1984 ጀምሮ በአሜሪካ ኤርፖርቶች ይሠራሉ። ጆርጂያ ውስጥ ኒውናን በምትባል ከተማ ማሠልጠኛ አላቸው። መጀመሪያ የሚማሩት አምስት ሽታ ብቻ ነው። አፕል፣ ብርቱካንና ሎሚ የመሳሰሉ ፍሬዎች፣ ማንጎ፣ የበሬ ሥጋ፣ የአሳማ ሥጋ። ይህን ያነበብኩት በዚያው ሌሊት ነው፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነበር። ያ ሁሉ በርበሬ ያልጋረደው አፍንጫ ከልጄ እስትንፋስ የሚወጣውንም ያገኘዋል ብዬ አሰብኩ።

ባዶ ተስፋም አልነበረም። በ2016 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዓይነት 1 ስኳር ያለባቸውን ስምንት ሴቶች ስኳር በጥንቃቄ ዝቅ አድርገው እስትንፋሳቸውን ለክተው ነበር። አይሶፕሪን የሚባል ጋዝ በግልጽ ጨመረ። ሰው ይህን አያሸትም። ውሾቹ የሚያገኙት እሱን ብቻ ይሁን ከሌላ ነገር ጋር ተደባልቆ ገና አልተለየም። ለሥልጠናው ግን ይህ አያግድም።

የመጀመሪያው ስህተቴ መቸኮል ነው። የሠለጠነ ውሻ እንሸጣለን የሚል ማስታወቂያ አየሁ። «ዋስትና አለው» ይላል። ዕቁቤ እንደደረሰኝ ቀብድ ከፈልኩ። ከወራት በኋላ የመጣልን ውሻ ሰው ሲያስነጥስ የሚደነግጥ፣ ሊፍት የማይገባ፣ የልጄ ስኳር 52 ሲገባ አጠገቧ የሚያንኮራፋ ነበር። ስንደውል «እናንተን ሲለምድ ይጀምራል» አሉን። አልጀመረም። ለውሻው ጥሩ ቤት ፈልገን ሰጠነው። ገንዘቡ ግን ቀለጠ። ማንም የሠለጠነ ውሻ ሊሸጥላችሁ ቢመጣ የልጃችሁን ናሙና፣ ማለትም ስኳሩ ወርዶ ሳለ ምራቁን የነካ ጥጥ፣ ራሳችሁ ጣሳ ውስጥ አድርጉና ከባዶ ጣሳዎች ጋር ደርድሩት። የትኛው ውስጥ እንዳለ ሻጩ አይወቅ። ከዚያ ውሻው ሲሠራ እዩ። ሻጩ እምቢ ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ከዚያ በኋላ ያገኘናት አሠልጣኝ ለረጅም ዓመታት የፖሊስ ውሾችን ስታሠለጥን ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። በመጋቢት 2021 ውሻ የሚያራባ ሰው ቤት ይዛን ሄደች። የ8 ሳምንት ቡችሎች ነበሩ። ባለቤቴ ጭኗ ላይ የተኛውን ወደደች። እኔም ሮጦ መጥቶ ጫማዬን የላሰውን። አሠልጣኟ ሁለቱንም አላየችም። ረጅም ሣር ውስጥ ጥቂት የውሻ ምግብ በተነች። ሁሉም ሮጡ። ትንሽ ፈልገው ሌላ ጨዋታ ጀመሩ። አንዱ ብቻ ቀረ። ጅራቱን አቁሞ፣ አፍንጫውን ሣሩ ሥር ቀብሮ፣ ይዞራል፣ ይመለሳል፣ ይዞራል። ቀጥላ የቁልፍ እስር ሲሚንቶው ላይ ጣለች። ሁሉም ደነገጡ። እሱም ደነገጠ። ግን ወዲያው ተመልሶ ቁልፉን አሸተተው። «ይሄ ነው» አለች። ልጄ መልኩን አይታ ቡላ አለችው።

ለዚህ ሥራ ቡችላ ስትመርጡ የሚያባብላችሁን አትምረጡ። ያጣውን ነገር ፈልጎ የማይሰለቸውን፣ ደንግጦም ቶሎ የሚመለሰውን ምረጡ።

ሀበሻ ቤት ውስጥ ውሻ ማሳደግ ቀላል አይደለም። እናቴ «ውሻ ከሰው ጋር አንድ ጣራ ሥር?» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈች። ስዕለ አድኖ ያለበት ክፍል በር እንዲዘጋ ተስማማን፤ ቡላም እስከ ዛሬ እዚያ ገብቶ አያውቅም። እንግዳ ሲመጣ አስቀድመን እንናገራለን። ይህ ሁሉ በመነጋገር ያልቃል። ሁለት ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ።

አንደኛው ወጥ ነው። እናቴ ከቡላ ጋር ከታረቀች በኋላ አንድ ቀን ዓይኑ አሳዝኗት ወጥ በእንጀራ ጠቅልላ ልታጎርሰው ስትል ደረስኩ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። የኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ሁለተኛው ማስቲካ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ቤት ስኳር አልባ ማስቲካና ከረሜላ አይጠፋም። ብዙዎቹ ውስጥ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ አለ። ለሰው ደህና ነው። ውሻ ሲበላው ግን የራሱን ስኳር ባንዴ ያወርደዋል፣ ጉበቱንም ሊያበላሽ ይችላል። የልጄ ቦርሳ ከዚያ ወዲህ የሚሰቀለው ከፍ ካለ ሚስማር ላይ ነው።

ሥልጠናው በአንድ ጣሳ ተጀመረ። የልጄ ስኳር ወርዶ ሳለ ምራቋን የነካ ጥጥ በወረንጦ አንስቼ ክዳኑ የተበሳ ጣሳ ውስጥ እከታለሁ። ቡላ አፍንጫውን ቀዳዳው ላይ ሲያደርግ፣ በዚያችው ቅጽበት «አዎ!» እላለሁ። ከዚያ የተቀቀለ ዶሮ እዚያው ጣሳው አጠገብ አጎርሰዋለሁ። «አዎ» ከጉርሻው መቅደም አለበት። ከዘገያችሁ የምትሸልሙት አፍንጫውን ማንሳቱን ነው። ጉርሻውም ሽታው ካለበት ቦታ ይሰጠው እንጂ እናንተ ወዳላችሁበት አትጥሩት። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ባለቤቴ ማንም የማይቀምሰው ዶሮ በየቀኑ ትቀቅላለች። ለልጇ ነውና አንድም ቀን አላጉረመረመችም።

ከአንድ ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ ስድስት ጣሳ ሄድን። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በአንዴ ከ4 ደቂቃ ሳይበልጥ። ቡችላ ቶሎ ይደክመዋል። ገና ልጫወት እያለ ማቆም ነው ደጉ። ሲያገኝ እንዲቀመጥ አስተማርነው። በነሐሴ ላይ ቡላ ከስድስት ጣሳ ትክክለኛውን ያለ ስህተት ያገኝ ነበር። ቪዲዮ እየቀረጽኩ ለዘመድ እልካለሁ። አሠልጣኟን በየሳምንቱ ማየት አቁሜ ነበር። ገንዘብ ለመቆጠብ ብዬ ነው። ሁለተኛው ስህተቴ ይኸው ነው።

በዚያው ወር የወንድሜ ልጅ ልደት ዊተን ፓርክ ተከበረ። ቡላን ይዤው ሄድኩ። ልጆቹ ሣር ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። ቡላ ገመዱን ወጠረ። አንድ የ5 ዓመት ልጅ ፊት ሄዶ አፍንጫውን ወደ አፉ አስጠጋና ቁጭ አለ። ልክ እንደ ጣሳው። እኔ ደሜ ቀዘቀዘ። ልጁ ስኳር አለበት፣ ወላጆቹ አላወቁም ብዬ ነው ያሰብኩት። እናቱን ጠርቼ፣ አስፈቅጄ ለካሁት። 104። ደህና ነው። እንደገና ቡላ ወጠረ። ሌላ ልጅ ፊት ተቀመጠ። ከዚያ ሌላ። በመጨረሻ የቆሻሻ በርሜሉ ጋ ሄዶ ተቀመጠ። ሁሉም ልጆች የያዙት አፕል ጁስ ነበር። በርሜሉም በባዶ የጁስ ካርቶን ሞልቷል።

ነገሩ የገባኝ እዚያው ቆሜ ነው። ልጄ ስኳሯ ሲወርድ የምንሰጣት አፕል ጁስ ነው። ናሙናውን የምወስደው ከጠጣች በኋላ ነው። ስኳሯ ደህና ሲሆን የምወስደው ጥጥ ግን ጁስ ነክቶት አያውቅም። አምስት ወር ሙሉ ለቡላ አፕል ጁስ ፈልግ ስለው ነው የቆየሁት። እሱም አጥብቆ ተምሮታል።

ወደ አሠልጣኟ ተመለስኩ። አልገሠጸችኝም። ጁስ ያልነካቸው ጥቂት ናሙናዎች ነበሩኝ። ጋራዧ ውስጥ ስድስት ጣሳ ደረደረችና እኔን ከቡላ ጋር አስገባች። አስር ጊዜ ሞከርን። ሦስት ጊዜ አገኘ። በአጋጣሚም የሚገኝ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ «አሁን አራተኛው ውስጥ ነው ያለው» ብላ ነገረችኝ። ቡላ ገባ፣ አራተኛው ጋ ተቀመጠ። እኔ በደስታ ልጮህ ነበር። ጣሳውን ከፈተችው። ባዶ ነበር። ሁሉም ባዶ ነበሩ።

ስልኳን አውጥታ የቀረጸችውን አሳየችኝ። ቡላ አንደኛውን ያልፋል፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። እኔ ከጎኑ እሄዳለሁ። አራተኛው ጋ ስንደርስ የኔ ቀኝ እግር ይቆማል። ትከሻዬ ትንሽ ከፍ ይላል። እስትንፋሴን ይዣለሁ። ቡላ ጣሳውን አያሸትም። ቀና ብሎ ፊቴን ያያል። ከዚያ ይቀመጣል።

ይህን ቪዲዮ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። ሌሊት ልጄ አልጋ አጠገብ በጭንቀት ስቆም ይህ ውሻ ጭንቀቴን አንብቦ ቢቀመጥ፣ ወይም እኔ ተረጋግቼ ሳለ እሷ እየወረደች ዝም ቢል ምን ይሆን ነበር? ለዚህ ነው ከሁሉም በላይ ይህን የማሳስባችሁ። ውሻ ከሽታ ይልቅ የባለቤቱን ፊት ማንበብ ይቀለዋል። መልሱን የምታውቁ ከሆነ ትነግሩታላችሁ። አልነግርም ብትሉም ትነግሩታላችሁ።

እንደገና ከአንድ ጣሳ ጀመርን። የነበሩኝን ናሙናዎች በሙሉ ጣልኩ። አዲሱ አሠራር እንዲህ ነው። ስኳሯ ከ70 በታች ሲሆን አንድ እጄ ጁሱን ሲያነሳ በሌላው ጥጡን አፏ ውስጥ አደርጋለሁ። አስር ሰከንድ። ከዚያ ጁስ። እንቅልፍ ከያዛት ወይም ከተንቀጠቀጠች ጥጡን ረሱት፣ ጁሱን ስጡ። ናሙና ሌላ ቀን ይገኛል። ናሙና ፍለጋ ብሎ የልጅን ስኳር ሆን ብሎ ማውረድ ደግሞ ፈጽሞ፣ ፈጽሞ አይታሰብም። ጥጡ ትንሽ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፣ ቀን፣ ሰዓትና የስኳሩ ቁጥር ይጻፍበታል፣ ፍሪዘር ይገባል። ጓንት ሁልጊዜ። በርበሬ የነካ እጅ፣ ክሬም የተቀባ እጅ፣ ሁሉም ሽታውን ይተዋል።

ከወረደው ናሙና እኩል ትኩረት የሚያስፈልገው የደህናው ናሙና ነው። ልጄ ስኳሯ ከ100 እስከ 140 ባለበት ሰዓት ብዙ ጥጥ ሰበሰብን። ከምግብ በኋላ፣ ከሩጫ በኋላ፣ ከእንቅልፍ ስትነሳ፣ ቡና ተፈልቶ ዕጣን ሲጨስ። አፕል ጁስ ጠጥታም። ሁሉም በተመሳሳይ ጠርሙስ፣ በተመሳሳይ ጓንት። በወረደውና በደህናው መካከል ያለው ልዩነት ስኳሩ ብቻ እስኪሆን ድረስ። ሥራው አሰልቺ ነው። ግን ውሻው የሚማረው ከዚህ ልዩነት ነው።

ጣሳውን የምትደረድረው ባለቤቴ ሆነች። ደርድራ ትወጣለች፣ እኔ ሳላውቅ እገባለሁ። ቡላ ሲቀመጥ ጮክ ብዬ ቁጥሩን እናገራለሁ፣ እሷ ከኮሪደሩ «አዎ» ወይም «አይደለም» ትላለች። ከአምስት ዙር አንዱን ሁሉንም ባዶ ታደርገዋለች። ቡላ ምንም ሳያገኝ ጨርሶ ከመጣ ይህም ይሸለማል። «የለም» ማለት ሥራ መሆኑን ካላወቀ ጉርሻ ለማግኘት ሲል የሆነ ቦታ ይቀመጣል።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አንድ ሌላ ፈተና መጣ። ቡላ ጎረመሰ። የሚያውቀውን ሁሉ የረሳ መሰለኝ። ጣሳውን ትቶ መስኮት ላይ ወፍ ያያል። በዚህ ዕድሜ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል ብላ አሠልጣኟ አስቀድማ ነግራኝ ነበር። አልጮህንበትም። ሁለት ሳምንት ጣሳውን ደብቀን ጫካ ውስጥ ብቻ አንሸራሸርነው። ስንመለስ ወደ ቀላሉ፣ ወደ ሁለት ጣሳ ወረድን። በየካቲት ውሻዬ ተመልሶ መጣ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሙቀት ላይ አታሠልጥኑ። እያለከለከ ያለ ውሻ በደንብ ማሽተት አይችልም።

ከጣሳ ወደ ሰው መሻገሩ ሌላ ወራት ወሰደ። ጥጡን መጀመሪያ በባለቤቴ ኪስ፣ በኔ ካልሲ ውስጥ፣ በመጨረሻ በልጄ ፒጃማ ኮሌታ ደበቅን። ምልክቱንም ቀየርን። መቀመጥ ሌሊት አይታይም። አፍንጫውን የተኛ ሰው እጅ ሥር አስገብቶ ወደ ላይ መግፋት እንዲለምድ አደረግን። እስኪነቁ ድረስ መደጋገም። ምልክት ስትመርጡ ውሻው በራሱ ጊዜ የማያደርገው ነገር ይሁን። መላስ ከሆነ መቼ ፍቅር፣ መቼ ሥራ እንደሆነ አትለዩም። እውነተኛ ምልክት ሲሰጥ ደግሞ መጀመሪያ ጣት ይወጋል፣ ቁጥሩ ይታያል፣ ከዚያ ነው ጉርሻው። ቁጥሩ ደህና ከሆነ አንቆጣም፣ አንሸልምም። 20 ደቂቃ ቆይተን እንደገና እንለካለን።

በኅዳር 2022 አንድ ሌሊት እጄ ወደ ላይ ተገፋ። በእንቅልፍ ልቤ ገፋሁት። እንደገና ተገፋ። እርጥብ አፍንጫ። ስልኬን አየሁ። ሴንሰሩ 94 ይላል፣ ቀስቱ በትንሹ ወደ ታች ዘንበል ብሏል። ምንም አይደለም ብዬ ልተኛ ነበር። ቡላ ወደ ልጄ ክፍል ሄደ፣ ተመለሰ፣ እጄን ገፋ። ተነሳሁ። ግንባሯ በላብ ርሷል። ጣቷን ወጋሁ። 61። ጁሱን ጠጥታ ጨርሳ ትራሷ ላይ ስትመለስ ነው የሴንሰሩ ማንቂያ የጮኸው። ባለቤቴ ተነስታ መጣች። ማናችንም አልተናገርንም። ፍሪጅ ከፍቼ የቀረውን ዶሮ በሙሉ ለቡላ ሰጠሁት።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ሴንሰሩን አልጣልንም። ልጣለውም አልልም። ማስታወሻ ደብተር አለን። ቡላ የነገረን፣ ቡላ ያመለጠው፣ ያለ ምክንያት የቀሰቀሰን፣ ሁሉም ይጻፋል። ታሞ ሳለ አምልጦታል። ቀኑን ሙሉ ተጫውቶ ደክሞት ሲተኛ አምልጦታል። ልጄ ትምህርት ቤት ስትሆን አብሯት አይሄድም። ገና 12 ዓመቷ ነው፤ ውሻ የመምራት ኃላፊነት ከፈተናና ከጓደኛ ጋር ተደራርቦ እንዳይከብዳት አሰብን። ሐኪሟ ያለችን ግልጽ ነው። ቡላ ተጨማሪ ጠባቂ ነው፤ መለኪያውን የሚተካ አይደለም። ውሻው ዝም ስላለ ብቻ ስኳሯ ደህና ነው ብላችሁ አትተኙ።

አሜሪካ ላላችሁ ስለ ሕጉ በአጭሩ። የአካል ጉዳተኞች ሕግ ውሻን ራስ ማሠልጠንን ይፈቅዳል። ምዝገባ፣ ሰርተፍኬት፣ መታወቂያ አይጠይቅም። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ሰርተፍኬት እንሸጣለን ለሚሉ ገንዘብ አትክፈሉ። ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ስትገቡ ሊጠይቋችሁ የሚችሉት ሁለት ነገር ብቻ ነው። ውሻው በጉዳት ምክንያት የሚያስፈልግ ነው ወይ? ምን ለመሥራት ነው የሠለጠነው? ይህ ግን ለሠለጠነ ውሻ ነው። በሥልጠና ላይ ላለ ቡችላ የፌዴራሉ ሕግ አይሸፍንም፤ የየስቴቱ ሕግ ይለያያል፣ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ሀበሻ ምግብ ቤት ስንሄድ እኔ አስቀድሜ እደውላለሁ። መብቴ ስለሆነ ብቻ ባለቤቱን ደንበኛ ፊት ማስጨነቅ አልፈልግም። እስከ ዛሬ እምቢ ያለን የለም። ቤተ ክርስቲያን አንወስደውም። እዚያ ሴንሰሩና እኔ እንበቃታለን።

ለመጀመር ያሰባችሁ ቡችላ ከመፈለጋችሁ በፊት ጥጥና ጠርሙስ ግዙ። ሁለት ወር ሙሉ ናሙና ብቻ ሰብስቡ። የወረደውንም የደህናውንም። ይህን ሳትሰለቹ መሥራት ከቻላችሁ ቡችላውም ይደርሳል። ካልቻላችሁም ገና ምንም ገንዘብ አላወጣችሁም። ቡላ አሁንም በሳምንት ሁለት ቀን ይለማመዳል፣ አሁንም ጣሳውን የምትደረድረው ባለቤቴ ናት። ፍሪዘራችን ውስጥ ከእናቴ ንጥር ቅቤ ጎን የጠርሙስ ሳጥን አለ። በእያንዳንዱ ላይ ቀን፣ ሰዓትና ቁጥር ተጽፏል። ባለፈው ሳምንት የገቡት ሁለቱ የኔ ጽሑፍ የለባቸውም። ልጄ ራሷ ወስዳ፣ ራሷ ጽፋባቸዋለች።